የእህቴ የስለት ጥላ

ጥላውን ይዘው አውሮፕላን ውስጥ አይገቡም ሲሏት እህቴ ዘቢደር ምን እንዳለች ልንገራችሁ። «እንግዲያው እኔም አልገባ» አለችና ካውንተሩ ፊት ለፊት ሻንጣዋ ላይ ቁጭ።

ኤል ኤ ኤክስ፣ የሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ነን። ከኋላችን ያለው ሰልፍ በሩ ድረስ ደርሷል። ትኬት የምታየው ልጅ ደጋግማ ረጅም ነው፣ ሕግ አይፈቅድም ትላለች፤ የእህቴ ልጅ እየሩስ ትተረጉማለች፤ እህቴ ጥላውን እንደ ሕፃን አቅፋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ጥላ ስላችሁ ደግሞ ለዝናብ የሚያዘው እንዳይመስላችሁ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ አናቱ ላይ መስቀል ያለው፣ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ዓይነት ነው። የሐበሻ ሱቅ በሞላበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ንዋየ ቅድሳት የሚሸጠውን ወንድምአገኝን እንቅልፍ ነስታ ነው ያስመጣችው።

«እትዬ፣ ከሻንጣው ጋር ይጫን» አልኳት።

«የእመቤቴ ጥላ ካንተ ካልሲ ጋር?»

«ካልሲዬ ምን አደረገሽ?»

«እሱን የሚያውቅ ያውቀዋል።»

በመጨረሻ የጎልፍ ዱላ የሚጫንበት ረጅም ሣጥን ተገኘ። እህቴ ሣጥኑን በነጠላዋ አልብሳ፣ አማትባ፣ ጥላውን አስተኛችውና «በሉ እንሂድ፣ ምን ይገትራችኋል?» አለች። ያስቆምናት እኛ ነን ማለት ነው።

ጥላው ለምን ጣሊያን እንደሚሄድ ካልነገርኳችሁ ግን ወሬው ውል የለውም። እየሩስ የእህቴ አንድ ልጇ ናት። እህቴ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስትገባ ልጅቷ ዕድሜዋ ከገደቡ አልፎ ስለነበር አብራት መምጣት አልቻለችም። ፋይል አስገባንላት። ፋይል ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እንደ ጎበዝ ሜካኒክ ቶሎ አይጨርስም። ልጅቷ ትዕግሥቷ አለቀና ለማንም ሳትናገር በሱዳን በሊቢያ አድርጋ ባሕሩን ልትሻገር ተነሣች። ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። ለወራት ዝም አለ። እህቴ ያኔ ዌስትውድ አንዲት አሮጊት ታስታምም ነበር፤ ሴትዮዋን እያጠበች፣ እያጎረሰች፣ ልቧ ግን ባሕሩ ላይ ነው። አንድ ቀን ጋራዤ መጣች። እኔ መኪና ሥር ተኝቻለሁ። መሬቱ ላይ ተንበርክካ፣ አንገቷን ወደ እኔ ዝቅ አድርጋ፣ «አድማሱ፣ ተሳልኩ» አለችኝ። «እመቤቴ ልጄን ከዚያ ባሕር ካወጣችልኝ፣ ያወጣቻት አገር ያለው ቤቷ ድረስ ልጄንም ጥላም ይዤ እመጣለሁ ብያታለሁ።»

ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ «አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ስለቷ ሰመረላት። እየሩስ ደወለች። «እማ፣ አለሁ። ጣሊያን ነኝ። ባሕር ዳር ትልቅ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ግድግዳው ሥር አስቀምጠውናል» አለች። እዚያው ከተማ ከረመች፤ በኋላ ፋይሉ ደረሰና ወደ እኛ መጣች። ስለ መንገዱ ግን ከዚያ ስልክ ወዲህ አንድም ቃል ከአፏ አልወጣም። ከማን ጋር እንደነበረች፣ እንዴት እንደተሻገረች፣ ምን እንዳየች፣ ምንም። ሎስ አንጀለስ እየኖረች ሳንታ ሞኒካን በዓይኗ አላየችም። ጓደኞቿ ቢች እንሂድ ካሉ ራሷን ያማታል። ካልደፈረሰ አይጠራም፣ አስጨንቃችሁ አስወሯት ያሉን ነበሩ። እህቴ «ተዉአት፣ ዝም አይነቅዝም» ብላ ማንም እንዳይጠይቃት ከለከለች፤ ራሷም አልጠየቀችም። ውስጥ ውስጡን ግን እንደሚያንገበግባት አውቃለሁ።

አሁን ልጅቷ በርባንክ ኤርፖርት ከሚሠራው ከኖላዊ ጋር ልትጋባ ነው። ቀን ተቆርጧል፣ አዳራሽ ተይዟል። እህቴ የአሜሪካ ፓስፖርቷ እጇ በገባ ማግስት ብድግ አለችና «ስለቴን ሳላደርስ ልጄን አልድርም» አለች። የንስሐ አባቷ በደግነት፣ «ወለተ ማርያም፣ እመቤታችን እዚህም ቤት አላት እኮ፤ ጥላውን ለዚሁ ደብር ብታስገቢ» ቢሏት፣ «አባቴ፣ ለዚህኛው ሌላ እሳላለሁ፤ ይሄ የባሕር ዳሩ ነው» አለቻቸው። ኖላዊ ምስኪኑ ምን ይበል? «ሶ፣ ጥላው እስኪደርስ እንጠብቃለን» አለ።

እየሩስ ነገሩን አላከበደችውም። አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «እወስድሻለሁ እማ። ግን ባሕሩ ጋ አልወርድም። ቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ አልገባም። ውጭ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ።»

«ኦኬ» አለች እህቴ። እህቴ ኦኬ ስትል መጠርጠር ነው።

እኔ የተወሰድኩት በአስተርጓሚነት ነው። እየሩስን ጣሊያንኛ ታውቂ የለም ወይ ስንላት «ረስቼዋለሁ» አለች፤ በቃ። እኔ ግን ወጣትነቴን የጨረስኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የጋራዥ ቋንቋ ደግሞ ግማሹ የጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ። እህቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ስለኖረች ፌርፋክስ ላይ «አድማሱ ጣሊያንኛን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» ብላ አስወርታልኛለች። እኔ ደግሞ ሰው ሲያመሰግነኝ ማቋረጥ አልወድም።

ከተማዋ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ናት። ስሟ ምላሴ ላይ አልቀመጥ ብሎኛል። የዓሣ አጥማጆች ወደብና ጥቂት ጠባብ መንገዶች ያሏት ሚጢጢ ከተማ ነች። ሬንታል መኪናውን ድራይቭ ሳደርግ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ የሰው ሳሎን ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ነበር። እንደምንም ፓርክ አድርገን ጥጉን ዞር ስንል ካቴድራሏ ፊታችን ድቅን አለች።

ነጭ ድንጋይ፣ ሽቅብ የተመዘዘች። በሩ አጠገብ በእንግሊዝኛ የተለጠፈው ጽሑፍ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት እንደተሠራች ይናገራል። ጤነኛ ሰው ቤቱን ከባሕር ሸሸት አድርጎ ነው የሚሠራው፤ እነዚህ ግን ውሃው አፍ ላይ ነው የተከሏት። ከጎኗ ረጅም የደወል ማማ፣ ከሥሯ ጸጥ ያለ አሸዋ። በጋው እያለፈ ስለነበር ቢቹ ላይ ውሻዋን የምታንሸራሽር ሴትና ፎጣቸው ላይ የተኙ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው ያሉት። ማዕበሉም ሰነፍ ነው፤ እየተንፏቀቀ መጥቶ እየተንፏቀቀ ይመለሳል። ከበሯ ግራና ቀኝ ዓምድ የተሸከሙ የድንጋይ አንበሶች አሉ፤ አፍንጫቸው በሰው እጅ ብዛት አልቋል። እህቴ «አንበሳም አላቸው!» ብላ አንዱን ግንባሩን ሳመችው።

እየሩስ ራቅ ያለ አግዳሚ መርጣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ አፍጥጣ ታየዋለች። ስልኩ ግን አልበራም ነበር፤ ሳልፍ አይቻለሁ።

እኔና እህቴ በሩ ላይ ጫማችንን አወለቅን። ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠው ሸበቶ ጠባቂ እግራችንን አየ፣ ጫማችንን አየ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለን። ስሙ ቪቶ እንደሆነ በኋላ ሰማን። እህቴ ጥላውን ከሣጥኑ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። የኔ ሰዓት ደረሰ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና አንዴ ጥላውን፣ አንዴ ወደ ውስጥ የምትታየውን የእመቤታችንን ሐውልት እያመለከትኩ «ማዶና! ኦምብሬሎ!» አልኩ። ኦምብሬሎ የምትለዋን አውሮፕላን ላይ ነው ያጠናኋት።

«ሲ፣ ሲ፣ ኦምብሬሎ» አለ ቪቶ ራሱን እየነቀነቀ። በክብር ተቀበለና ከጀርባው ባለች ትንሽ በር አስገባው። ሲመለስ ቁጥር የተቀረጸባት ድቡልቡል ናስ ለእህቴ ሰጣት።

«ምንድነው ይሄ?» አለችኝ።

«ደረሰኝ ነዋ!» አልኩ ያለ ምንም ማመንታት። «ጥላው ዕቃ ቤት ገባ።»

እህቴ ናሷን ሳመቻት፣ ግንባሯን አስነካቻት፣ ደረቷ ውስጥ ወሸቀቻት። «አየህ ሥርዓት?» አለችኝ እንባዋ እየመጣ። «ስንቱን ደብር ስሳለም ኖሬያለሁ፤ ለስለት ደረሰኝ የሰጠኝ የለም።»

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ወፋፍራም ዓምዶች፣ ከላይ በጠባብ መስኮት ሾልኮ የሚገባ ብርሃን፣ ከምድር ቤቱ ደግሞ የማዕበሉ ድምፅ ይሰማል። እህቴ እመቤታችን እግር ሥር ወድቃ ብዙ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ ነው። እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ጥላውን ሲዘረጉት ነው የምለው» አለች። መቼ ይዘረጉታል ብላ ስትጠይቀኝም «ሥርዓት አላቸው» አልኳት። ያን ቀን አፌ ዝም ማለት አልቻለም።

ወጣንና ከእየሩስ ጋር አግዳሚው ላይ ዳቦ በቲማቲም መብላት ጀመርን። እህቴ ጉንጯ ቀልቷል፤ ዓመታት ከጀርባዋ ወርደውላታል።

«ተቀበሉሽ እማ?» አለች እየሩስ።

«ከነ ደረሰኙ!»

እየሩስ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ስታይ፣ ቪቶ የካቴድራሉን በር ለምሳ ሰዓት ቆልፎ ሲመጣ አየን። እየሮጠ ነው። ቀዩ ጥላ ትከሻው ላይ ነው፤ ዘርፉ አንገቱ ላይ ይወዛወዛል። «ሲኞራ! ሲኞራ!» ይላል። ደረሰና በፈገግታ ጥላውን ለእህቴ ዘረጋላት። ሌላ እጁን ደግሞ ናሷን ልትመልስለት ዘረጋ።

የእህቴ ፊት ምን እንደሆነ እንዴት ልንገራችሁ? ስልኩ ዝም ባለበት ዘመን የነበረው ፊቷ ተመልሶ መጣ። ዳቦው ከእጇ ወደቀ።

«መለሰችብኝ» አለች። «አልተቀበለችኝም።»

እኔ ብድግ ብዬ ቪቶን ለማስቆም እጄን ዘረጋሁና ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። «ኖ! ፍሬኖ! ፍሬኖ!» አልኩት። ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ መኪና ፈለገ። ጣሊያንኛዬ እዚያ ላይ አለቀ። በካምቢዮና በፍሪሲዮን ስለት አይብራራም፣ ወገኖቼ።

«እማ» አለች እየሩስ ቀስ ብላ፣ «ቢች የመጣ ሰው ጃንጥላውን በር ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይዞ መግባት አይፈቀድም። እሷ ናስ ስትወጪ መልሰሽ የምትወስጂበት ናት። ደረሰኝ ነው ያለሽ ማነው?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔ አንበሳውን አየሁ።

እህቴ ግን አልሳቀችም። «ስሕተትም ይሁን ምንም ይሁን፣ ሰጥቻት መልሳብኛለች» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የሰጠኋትን ከመለሰች የሰጠችኝንም ልትወስድ ነው፣ አድማሱ። ልጄን መልሺ ልትለኝ ነው።» መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ቪቶ ጥላውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ኧረ ሞኝ አትሁኚ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ፊቷን ሳይ ጎንበስ ብዬ የወደቀውን ዳቦዋን አነሣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለቱ እናትና ልጅን እንደ ገመድ አስሮ ይዟቸው ነበርና።

እየሩስ ተነሣች።

ወደ ቪቶ ቀረብ ብላ መናገር ጀመረች። በጣሊያንኛ። ያውም ሳትንተባተብ! መጀመሪያ ጥላውን እያሳየች አጭር ነገር አለችው፤ ሰውዬው ፈገግ አለ። ከዚያ ግን አላቆመችም። እንደ ተዘጋ ቧንቧ ነው የተለቀቀችው። እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች፤ ያቺ ግድግዳ። ከዚያ ዞረች፤ ከመጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ ሩቅ አመለከተች። ጣቶቿን ቆጠረች። ከቆጠረቻቸው ብዙዎቹን አጠፈቻቸው፤ ጥቂቶቹ ቀሩ። የቪቶ ፈገግታ መጀመሪያ ጠፋ። ቀጥሎ ጥላውን ከትከሻው አወረደ፤ እንደ እህቴ በሁለት እጁ ያዘው። መጨረሻ ላይ የሸሚዙን እጅጌ ዓይኑ ላይ አደረገ።

እህቴ ከመሬት አልተነሣችም። የልጇን አፍ ብቻ ነው የምታየው። ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን ነገር በማታውቀው ቋንቋ ሰማችው። አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን ሁሉም ገብቷታል፤ እንባዋ እየወረደ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ምን አፍራለሁ?

እየሩስ ስትጨርስ ትንፋሽ ወሰደች። ቪቶ ጎንበስ ብሎ የእህቴን እጅ ስሞ አስነሣት። ከዚያ ትልቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ምሳውን ትቶ፣ ተከተሉኝ አለ።

በሩ ላይ ስንደርስ እየሩስ ቆመች። አልገባም ያለችው ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች። ቪቶ አያት፣ የኛንም እግር አየ፣ እሱም ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እህቴ እንባዋን እየጠረገች «ካልሲውን አየኸው? ወንድምህ ነው» አለችኝ። ያኔ ነፍሷ መለስ እንዳለች አወቅሁ።

ጎን ካለች ክፍል ወስዶ አንድ የመስታወት ሣጥን አሳየን። ውስጡ ጥላ አለ። ኧረ ጥላ ነው እላችኋለሁ! ትንሽ፣ ነጭ የነበረ፣ ብል የበላው፣ ግን የወርቅ ዘርፍ ያለው።

«ወይ ጉድ!» አለች እህቴ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ። «እነሱም አላቸው እኮ!»

እየሩስ ተረጎመችልን። ቄሱ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ሲሄዱ ከላይ የሚይዙላቸው ነው አለን፤ ያረጀ ስለሆነ ከተከፈተ ይበተናል፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሌላ እንፈልጋለን ይላሉ፣ ግን የሚፈልግ የለም። ቪቶ ስልክ ደወለ። ወጣት ቄስ የምሳ ፎጣቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ እየተጣደፉ መጡ። እየሩስ ነገረቻቸው፤ አሁን አጠር አድርጋ ነው። ቄሱ ጥላውን ዘርፉን ዳሰሱት፣ መስቀሉን ሳሙት፣ ባረኩት። ከዚያ ወደ እመቤታችን ወስደው ዘረጉት።

ቀዩ ከፋይ ከነጩ ድንጋይ መካከል ቦግ አለ። እህቴ የዓመታት እልልታዋን ለቀቀችው። እልልልልልል! ግድግዳ ላይ አፉን በጣቱ የዘጋ ሰው ሥዕል ተለጥፏል፤ ጸጥታ ማለት ነው፤ ማን አይቶት! እልልታው ጣሪያ ድረስ ወጥቶ፣ ዓምዶቹን ዞሮ፣ ተመልሶ መጣባት፤ እሷም ሌላ ሴት የተቀበለቻት መስሏት ደግማ አቀለጠችው። እየሩስም አብራት አለች። የልጅቷን እልልታ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጎበዝ ናት። ቪቶ ደግሞ ምን ቢጨንቀው አጨበጨበ።

ቄሱ በዓላቸው ሲደርስ ካህኑ ቁርባኑን ይዘው በዚህ ጥላ ሥር እስከ ባሕሩ ድረስ እንደሚወርዱ ነገሩን። ልንወጣ ስንል ቪቶ እያፈረ እጁን ዘረጋ፤ ናሷን ነው የፈለገው። የጃንጥላ ቁጥር ነቻ።

«ደረሰኜን?» አለች እህቴ ደረቷን ይዛ። «አይሆንም! አሁን ነው ደረሰኝ የሆነችው!»

እየሩስ ስትተረጉምላቸው ቄሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ትያዘው አሉ።

አሁን መኪናችን ጋ ሄደን፣ ደህና ነገር በልተን እናርፋለን ብዬ ነበር። እህቴ ግን ከካቴድራሉ እንደወጣች ወደ መኪናው አልታጠፈችም። በደረጃው ወርዳ፣ ጫማዋን እጇ ላይ እንደያዘች፣ አሸዋውን አቋርጣ በቀጥታ ወደ ውሃው።

«እትዬ! ወዴት ነው?»

ዞር ብላም አላየችኝ። ነጭ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ገባች። ቁርጭምጭሚቷ፣ ባቷ፣ ጉልበቷ። እየሩስ ደረጃው አናት ላይ ቆማለች፤ ከዚያ አታልፍም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ እህቴ ደግሞ ከመታጠቢያ ገንዳ በቀር ውሃ ገብታ አታውቅም። የመጣው ማዕበል ከሌሎቹ ትንሽ ፈርጠም ያለ ነበር፤ እህቴ ተንገዳገደችና «እየሩስ! ልጄ!» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ አጠገቤ እንደ ነፋስ አለፈች። እኔ ሱሪዬን ስሰበስብ እሷ ውሃው ውስጥ ናት። እናቷን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«አብደሻል እማ? ዋና አትችይም እኮ!»

«አንቺ ትችያለሽ?»

«አልችልም!»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ገባሽ?»

እየሩስ ቁልቁል እግሯን አየች። ውሃው ጉልበቷ ድረስ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ጣቶቿ ሳይቀሩ ይታያሉ። አንድ ማዕበል መጣ፣ አለፈ። ሌላ መጣ፣ አለፈ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ እህቴ አልለቀቀቻትም። ከዚያ ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ መሐል ላይ ሳቋ መጣ። «ሞቃት ነው፣ እማ» አለች። «ያኔ እንዴት ይቀዘቅዝ ነበር መሰለሽ!»

ስለዚያ መንገድ በአማርኛ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው። ሌላውን እዚያው ቆመው፣ ውሃው ውስጥ፣ ለብቻቸው ተጫወቱ። እኔ አሸዋው ላይ ሆኜ ጫማቸውን ጠበቅሁ። ሁሉ ነገር ለአጎት አይነገርም።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ የሬንታሉ ወንበር በቀሚሷ ረሰረሰ። እየሩስ ከኋላ ተኝታለች። እኔ ንዴቴ አልወጣልኝም። «እትዬ፣ ልብ የለሽም? በዚያ ሁሉ ላይ እንደዚያ ታስደነግጫታለሽ? ቢወስድሽስ ኖሮ?»

እህቴ ናሷን ከደረቷ አውጥታ በአውራ ጣቷ ትዳብሳት ነበር። «እመቤቴ ልጄን ከባሕሩ አወጣችልኝ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷን እንዳትቀሰቅሳት። «ባሕሩን ከልጄ ማውጣት ግን የኔ ፈንታ ነው። ሁሉንም በሷ ላይ ልጣል እንዴ?»

ካምቢዮ ቀየርኩና ነዳሁ።

ሠርጉ ደምቆ አለፈ። ናሷ እህቴ ቤት ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ተሰቅላለች፤ ለመጣ ሰው ሁሉ «ደረሰኜ ናት» ትላለች። አሁን ነገራቸው ሁሉ ሳንታ ሞኒካ ሆኗል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናትና ልጅ፣ ኖላዊን አስከትለው፣ ጫማቸውን ይዘው ውሃ ዳር ውሃ ዳር ይላሉ። ፓርኪንግ ፍለጋ የምዞረው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ግን ቦታ ቶሎ አግኝቼ እደርስባቸዋለሁ፤ ያኔ እኔም ካልሲዬን አወልቃለሁ፤ እህቴ የምትለውን ትበል።